ለወፎቹ የሰቀልሽው እህል

ልጄ ወሰንየለሽ፣ የደጃችን ሚካኤል በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱ ደርሶ ወፍ እየጠበቅን ነው። ወንድምሽ መኳንንት የላክሽውን ፎቶ በስልኩ አሳየኝ። እኛ በወንጭፍ የምናባርረውን ወፍ አንቺ እህል ገዝተሽ፣ ምሰሶ ላይ ሰቅለሽ ትቀልቢያለሽ አሉ። ሽኮኮ እየወጣ እህሉን ይጨርስብኛል ማለትሽንም ነገረኝ። እንደ ጎተራችን እግር ምሰሶውን በቆርቆሮ ጠቅልይው፤ ያዳልጠዋል።

ዕረፍት የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ፎቶውን አራት ጊዜ አስመልሼ አየሁት፤ ደጃፍሽ ላይ ያለው የአንድ ሰው ጫማ ብቻ ነው። የምታበይው ሰው አጥተሽ ይሆን ወፍ የጠራሽው? እባክሽ፣ የኅዳር ሚካኤል ለት አንድ ጎረቤት ጠርተሽ አብረሽ ብዪ። ሚካኤል ሰው አያሳጣሽ። የዚያን ለት ደጃፍሽን እንደገና ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ጫማውን እቆጥራለሁ።

እናትሽ አማከለች