ስለ ባለቤቴ እርግዝና ለጤና ጣቢያው ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ አዲሱ ማሽንዎ መስታወት ያብረቅርቅ፤ ቤተሰብዎም ሰላም ይሁን።

ከሁሉ አስቀድሜ የምሥራች ላብስር፦ የልጅ ልጆቿን የዳረችው ባለቤቴ ነፍሰ ጡር መሆኗን በር ላይ ያቆሙት ተራ ሰጪ ማሽን አረጋግጧል። በዚህ ዕድሜዬ ለእንዲህ ያለ ክብር ስላበቁኝ እጅ ነስቻለሁ።

ባለቤቴ የመጣችው የዓይኗን ሞራ ልትገፈፍ ነበር። ማሽኑ ገጽ ላይ “ዓይን” የሚለውን በዳበሳ ስትፈልግ ጣቷ “እርግዝና” ላይ አረፈ። ማሽኑም ነፍሰ ጡር ቀዶ ሕክምና አይደረግላትም ብሎ የዓይን ቀጠሮዋን ወዲያው ሰረዘ። ተራ አስከባሪዋ “እማማ፣ እሱ ካለ አለ ነው፤ ክትትልዎን ይጀምሩ” አለቻት።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1ኛ. የማሽኑን ገጽ የነደፈችው የእህቴ ልጅ ናት። ከሕመምተኞች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በእርሳስ ስትሥል፣ አንዷ “ብሳሳትስ ልጄ?” ብትላት ጥግ ላይ ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት ጨመረች። ፎቅ ላይ ስፔሲፊኬሽን የሚባለውን፣ የማሽኑን አሠራር በአንቀጽ የሚዘረዝረውን ሰነድ የጻፉት ሊቃውንትዎ ግን ቀስቱን የእርሳስ ጭረት ነው ብለው ተዉት፤ የሻይ ብርጭቆዋ ወረቀቱ ላይ የተወውን ክብ እድፍ ደግሞ ቁልፍ ነው ብለው ስፋቱን በሚሊሜትር ደነገጉ። ዛሬ ሲነኩት በታላቅ ጥራት ምንም አይሠራም።

2ኛ. ልጅቷ አቤት ብትል “ሥዕል ሰነድ አይደለም” ተባለች። ስለዚህ ጥበብ አመሰግናለሁ። ሥዕሉ የሰው እጅ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ሰነዱ ማሽኑ ምን ማድረግ እንደሌለበት ያውቃል፤ እርስዎ ግን እንዳይተዋወቁ በየፎቁ አስቀመጧቸው። እያንዳንዱ አንቀጽ ከሥዕሉ ጎን ተለጥፎ “ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?” የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ፣ ብርጭቆው ወደ ማዕድ ቤቱ፣ ባለቤቴም ወደ ዓይን ክፍሏ በሄዱ ነበር።

3ኛ. ባለቤቴ “በቃህ አንተ ሰውዬ” ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

ቀስቱን እንዲመልሱ፣ ከሁሉ በላይ ግን ያቺ የቀረቻት ብርሃን ሳትጠፋ ቀጠሮዋን እንዲመልሱላት በትሕትና እለምናለሁ። አሁን እኔን የምትለየኝ በሳሌ ነው፤ መልኬን ማጣቷ ብዙም ጉዳት የለውም፣ ደረጃውን ማጣቷ ግን ይጥላታል። እስካሁን ነገሩን ሁሉ በሳቅ ነው የተቀበለችው።

ጎንበስ ብሎ ባርኔጣውን የሚያነሳልዎ፣
በማሽንዎ ቸርነት አባት ሊሆን ያለው ሽማግሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሳቅ ተቀበለችው ያልኩትን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ይህን ስጽፍ የእህቴን ልጅ ክንድ ይዛ ወደ ቢሮዎ ወጥታለች፤ ስንተኛ ወሯ እንደሆነ እርስዎ ራስዎ እንዲነግሯት ትፈልጋለች።