ከኋላ የተነሳሁት ፎቶ

የካቲት 9
ዛሬም አንሶላ። የሆስፒታሉን አንሶላ ስተኩስ ዋልኩ። ስመለስ አውቶቡሱ አመለጠኝ... ጀርባው ላይ የቅባት ማስታወቂያ ተለጥፏል። የምትሮጥ ሴት፣ ከኋላ የተነሳች። ግራ ክርኗ ወደ ውጭ የወጣ፣ ጸጉሯ በጫማ ማሰሪያ የታሰረ። እኔ ነኝ! የጸጉር ላስቲኬ የተበጠሰ ቀን፣ የመጨረሻው ውድድሬ። ማንን አስፈቅደው ነው?

የካቲት 14
ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ልጅ ነው፣ "እትዬ" ይለኛል። "የስፖርተኛ ስምና ምስል ያለፈቃዱ ለንግድ አይውልም፤ ሕግ አለ" አለኝ። ደስ አለኝ። ለቅባት ፋብሪካው ደብዳቤ ጻፈ።

መጋቢት 2
መልስ መጣ። ፊቷ አይታይም፣ ማንም ልትሆን ትችላለች ይላሉ። ማንም!
"እትዬ፣ ሳይነገረው ፎቶውን አይቶ ያወቀዎት ሰው ያስፈልገናል። አንድ ሰው አያጡም መቼም።"
አላጣም?

መጋቢት 5
የማስታወቂያውን ፎቶ ለአለቃዬ አሳየኋት። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። ዓይኗን አጥብባ አየችና፣ "አቋሟ ሲያምር! ልጅሽ ናት?"
ልጅ የለኝም። ይህንንም አታውቅም።

መጋቢት 6
ወንድሜ በስልክ፣ "ጀርባሽን ማን ልብ ብሎ ያያል? ተይው በቃ።" ከፋኝ።

መጋቢት 7
አንድ ሰው አለች። አልደውልላትም።

መጋቢት 11
ጭራ። ሁሌ ከኋላዬ ስለምትሮጥ ያወጣንላት ስም ነው። ስድስት ዓመት አብረን ተለማመድን፣ አንድ ክፍል ተኛን። በዚያ በመጨረሻው ውድድር ንፋሱን እኔ ከፊት እየተጋፈጥኩላት ከኋላዬ ቆየችና መጨረሻ ላይ ጥላኝ ገባች። በሰው ፊት "ሌባ" አልኳት። ጠዋት ጸጉሬን በትርፍ የጫማ ማሰሪያዋ ያሰረችልኝን ልጅ... ሌባ አልነበረችም። በለጠችኝ። ይህን ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

መጋቢት 12
ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው ለየች። ከዚያ፣
"የአውቶቡሱ ነገር ነው?"
"አየሽው እንዴ?"
"ገና በወጣ ሰሞን። አንቺ መሆንሽን አወቅኩ። ልደውልልሽ ስል ሌባነቴ ትዝ አለኝ።"
መክሰሴን፣ ምስክር እንደሚያስፈልገኝ ነገርኳት። "ይቅር በይኝ" አልኳት። ይቅር ብያለሁ አላለችም። "ፍርድ ቤቱ መቼ ነው?" ብቻ።

ሚያዝያ 20
መጣች። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። የፋብሪካው ጠበቃ ፈገግ ብሎ፣ "ፊቷ ሳይታይ እንዴት አወቋት?"
"ስድስት ዓመት ከኋላዋ ነው የሮጥኩት። ፊቷን ቢያሳዩኝ ነበር የምጠራጠረው" አለች። "ደግሞ ማሰሪያው የኔ ነው።"
ዳኛዋ ሳቋን ለመደበቅ መዝገቡ ላይ አቀረቀረች። እኔ ግን አለቀስኩ። ከችሎት ስንወጣ ሳትሰናበተኝ ሄደች...

ግንቦት 3
ተፈረደልኝ። ማስታወቂያው ይነሳ ተባለ። ጭራ ውሳኔውን ልትሰማ መጥታ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ። በእግር ተመለስን። እንደ ልማዷ ወደኋላ ስትቀር ቆሜ ጠበቅኳት። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ነው፣ ግን ጎን ለጎን ሄድን።
"ክርንሽን ሰብስቢ እንጂ፣ ዛሬም ይወጋል!" አለችኝ።
ክርኔ የሚደርስበት ሰው ከጎኔ ካጣሁ ስንት ዘመኔ? ሰብሰብ አደረግኩላት።