ማህተም የተመታበት ሠንጠረዥ

ሰኞ

ማህተም መታበት! ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔን ያፈሰስኩበት ሠንጠረዥ ላይ ማህተሙን ደለቀበትና ከግርጌው «አዘጋጅ፦ ጓድ በላቸው» ተብሎ ተጻፈ። የክፍላችን አለቃ ነው እንጂ አንዲት ቁጥር አላዘጋጀም። በሰማያዊ ደብተሬ ላይ በእርሳስ የጻፍኩትን «እስቲ ልየው» ብሎ ወሰደ፣ ለጸሐፊው ሰጠ፣ አስተየበ፣ ፈረመ። ደብተሬን እንኳ አልመለሰልኝም።

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

መሥሪያ ቤታችን ቦሌ ነው፤ አውሮፕላን ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሥራችን ለጭነት በአውሮፕላን ላይ ቦታ ማስያዝ ነው። ትልቁ ኮምፒዩተር አንድ ክፍል ይሞላል። ከጎኑ ከመጣ ዓመት ያልሞላው የመገናኛ ማሽን አለ፤ እኛ «ዘበኛው» እንለዋለን። አንዱ ሠራተኛ ስክሪን ላይ «ለአምስት መቶ ኪሎ ቆዳ ቦታ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው በዘበኛው በኩል ወጥቶ ውጭ አገር ያለውን ኮምፒዩተር ጠይቆ ይመለሳል። ዘበኛው ማንን እንደሚያሳልፍ የሚያውቀው ከሠንጠረዡ ነው፤ የየመስመሩ አድራሻ እዚያ ላይ አለ፤ ማሽኑ የሚያነበውም በካርድ ላይ ተበስቶ ሲሰጠው ነው። አንዷ አድራሻ ከተሳሳተች በሩ ጥርቅም ነው።

ያንን ሠንጠረዥ የሠራሁት እኔ ሰብለ ነኝ። እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታማ አልተጻፈም።

ባለፈው ቅዳሜ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «የእኔም ስም ይግባ» ብዬ ነበር። ጓድ በላቸው መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገና «ጓዲት ሰብለ የግለኝነት ዝንባሌ ይታይባታል» አለ። ተጨበጨበ። ካጨበጨቡት ግማሾቹ ማሽኑ ሲቆምባቸው ሰብለ፣ ሰብለዬ የሚሉኝ ናቸው። ከዚያ ቆሜ ግለኛ መሆኔን በራሴ አፍ አመንኩ። እሱ ግን በዚያው ሠንጠረዥ የስድስት ወር የውጭ ትምህርት አግኝቷል፤ የፊታችን እሑድ ይበራል።

ዛሬ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ዘርግቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማህተም ካረፈበት ወረቀት አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር እንዳትነኪ። ካርዱን ልክ እንደተጻፈው ብሺ። ያንቺ ሥራ መብሳት ነው።»

እሺ ጓድ። እበሳለሁ።

ማክሰኞ

እግዜር አለ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተካልኝ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ጋሽ ተካልኝ ትልቁን ኮምፒዩተር በፈረቃ የሚያሠሩት ናቸው፤ ከኮተቤ በእግራቸው እየመጡ አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ሥራውን የለመድኩት ከእሳቸው ነው። ካርድ አንባቢው ካርዴን ሲያኝክብኝ አልቅሼ የማውቀው እሳቸው ፊት ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ይቺ ቴሌክስ ላንቺ ናት መሰለኝ» አሉኝ።

አነበብኩት። ከውጭ አገሩ ማዕከል የተላከ ነው። ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ የመስመራችን አድራሻ ይቀየራል፤ አሮጌው ይዘጋል፤ በሠንጠረዣችሁ ላይ አስተካክሉ ይላል። በሁለት መስመር ያለቀ ነገር።

ዓርብ! ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ዘበኛው የሚመረቅበት ነው። እንግዶች ተጠርተዋል፣ ወንበር ተበድሯል፣ ሪባን ተገዝቷል። ማህተም የተመታበት ሠንጠረዥ ላይ ያለው ደግሞ አሮጌው አድራሻ ነው።

ጉዱ ገና አለ። በእኛ መሥሪያ ቤት ማንኛውም ወረቀት መጀመሪያ ጓድ በላቸው ጠረጴዛ ላይ ካላለፈ ለማንም አይሰጥም። እሱ ደግሞ አያነብም። ክምሩን ከላይ እስከ ታች ይፈርማል፤ ስልክ እያወራ ሲፈርም በዓይኔ አይቻለሁ። እነሆ በቴሌክሱ ጠርዝ ላይ በራሱ ቀይ እስክሪብቶ፦ «አይቻለሁ። ሰብለ ትፈጽም።» ፊርማ። የዛሬ ቀን።

ምኑን ነው የምፈጽመው? ጠይቁት፣ አያውቅም።

የድሮዋ ሰብለ ብትሆን ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች ሄዳ ታሳየው ነበር። እኔ ግን አንድ ፊደል እንዳትነኪ ተብያለሁ። ቴሌክሱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከመስታወቴ ጀርባ ከተትኩት።

ረቡዕ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልለፍ አልኩና በሩ ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። እናቴ ብትኖር «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለኝ ነበር። ከውጭ አማትቤ አውቶቡሴን ያዝኩ።

ካርዶቹን በሳሁ። ልክ እንደተጻፈው! ለሕፃን ጥፍር እንደሚቆርጥ ሰው ተጠንቅቄ። ሁለት ጊዜ ከወረቀቱ ጋር አስተያየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ሙከራ አደረግን። አሮጌው አድራሻ እስከ ዓርብ ጠዋት ስለሚሠራ መስመሩ ተከፈተ፣ መልሱ መጣ። ጓድ በላቸው እጁን አፋተገና ለዋና ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለ። «ሠንጠረዡን ሳዘጋጅ አንድ ነገር አልዘለልኩም» ሲል ሰማሁት። ሳዘጋጅ! ጥርሴን ነከስኩ።

እውነቱን ልጻፍ፣ አንዴ ልነግረው ቃጣኝ። ስልኩን ሲዘጋ «ጓድ በላቸው፣ አንድ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ። ሳያየኝ እጁን አወናጨፈ። «ካርድሽን ብሺ ሰብለ፣ ካርድሽን።»

በቃ። ከዚህ በኋላ ብነግረው እኔ ሰው አይደለሁም።

ስወጣ ጋሽ ተካልኝ «ያቺ ቴሌክስ እንዴት ሆነች?» አሉኝ። «ይዣታለሁ ጋሼ» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። «እሺ ልጄ» ብለው ኮታቸውን ደረቡ።

ሐሙስ

ምንም የለም። አዳራሹ ተጠረገ፣ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። ጓድ በላቸው ንግግሩን ሲለማመድ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ልብሱን ከልብስ ሰፊ አስመጥቶ መጋረጃ ጀርባ ሰቅሎታል።

ምሳዬን አጣጥሜ በላሁ። ከሰኞ ወዲህ ምግብ የበላሁት ዛሬ ነው።

ዓርብ

ዘጠኝ ሰዓት። አርባ የሚሆኑ እንግዶች። እኔ ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ። ጋሽ ተካልኝ ፈረቃቸው ስለሆነ ማሽኑ ፊት በነጭ ጋዋን ቆመዋል።

ንግግር። ጭብጨባ። ሪባን። ከዚያ ጓድ በላቸው ራሱ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠና በአንድ ጣቱ ጥያቄውን መታ። ጠበቅን። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴዋ ነጥብ ብቻ ብልጭ፣ ብልጭ። መልስ የለም። ደግሞ መታ። የለም። ሦስተኛ። ከፊት የተቀመጡት ትልቅ እንግዳ ሰዓታቸውን አዩ።

የበላቸው ግንባር ላይ ላቡ ችፍ አለ። አዲሱ ኮት ብብቱ ላይ ረጠበ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ምንም አልዋሽም፣ እልል ማለት ነበር ያማረኝ። ሦስት ወር፣ ደብተሬ፣ «ግለኝነት»፣ ያ ጭብጨባ፣ ሁሉም ዛሬ ተከፈለኝ ብዬ ቆምኩ።

ተነሳ። ዞር ዞር ብሎ አየና ጣቱን ቀሰረ።

«ይህ አሻጥር ነው! ረቡዕ ይሠራ ነበር። ሠንጠረዡ ማህተም ያለበት ነው። ማሽኑን ሲነካ የዋለው እሱ ነው!»

ጋሽ ተካልኝ ላይ።

ክው አልኩ። አሻጥር የሚለው ቃል እንደ ሌላው ቃል አይደለም። በዚያ ቃል የሄዱ፣ ልብሳቸው ብቻ የተመለሰ ሰዎች ሰፈሬ ውስጥ አሉ። ከጥበቃ ሁለት ሰዎች መጥተው በግራና በቀኝ ያዟቸው። ጋሽ ተካልኝ ጋዋናቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም።

ቦርሳዬ በእጄ ነበር፤ ቴሌክሱም ውስጡ። ሳልከፍታት ይዣት ወጣሁ። 

ቅዳሜ

እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የጋሽ ተካልኝ ባለቤት እትዬ አስካለ ምሳ ዕቃ በነጠላቸው ሸፍነው ቆመዋል። ጥበቃው «እዚህ የሉም፣ ጣቢያ ናቸው» ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ጣቢያ ሄደው «መሥሪያ ቤቱን ጠይቂ» ተብለው የተመለሱ ናቸው።

«ሰብለዬ፣ አንቺ የቤቱን ነገር ታውቂያለሽ» አሉኝ እጄን ይዘው። «ሰው በድሎ ያውቃል እሱ? ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምንም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ደረጃው ላይ ቆሜ አሰብኩ። ቴሌክሱን ባሳይ በላቸው አለቀለት፤ ፊርማው አለበት። ግን «ሰብለ ትፈጽም» የሚለውም አለበት፤ አራት ቀን ይዤው ኖሬያለሁ። ባላሳይ እኔ እተርፋለሁ፣ በላቸው ነገ ይበራል፣ ጋሼ እዚያው ይቀራሉ። ለበላቸው የቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ የገቡት እሳቸው ናቸው።

የቅዳሜው የሂስ ስብሰባ በሦስት ሰዓት ተጀመረ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጥተዋል። በላቸው ክሱን ማንበብ ጀመረ። «ማሽን አሠሪው ተካልኝ ሆን ብሎ...» ሲል ተነሳሁ። እድልም አልጠየቅኩም። በወንበሮቹ መሃል አልፌ ቴሌክሱን ዋና ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጥኩት።

አነበቡት። ጠርዙንም አነበቡ።

«ጓድ በላቸው፣ ይህ ፊርማ የማን ነው?»

በላቸው ወረቀቱን አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አሁንም ያው ፊርማ ነው! «የእኔ ይመስላል» አለ። ይመስላል!

«አይቻለሁ ይላል። ምኑን ነው ያዩት?»

ወረቀቱን ገልብጦ ባዶ ጀርባውን አየ። ጌታዬ፣ ያቺን ደቂቃ በቆርቆሮ አሽጌ ባስቀምጣት ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ሰብለ ትፈጽም ነው የሚለው። ለምን አልፈጸምሽም?»

«ማህተም ካረፈበት ወረቀት አንድ ፊደል እንዳትነኪ ተብያለሁ» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቁም።

«ለማስተካከል ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ካርድ ነው። ሩብ ሰዓት።»

«ሂጂ።»

ሄድኩ። ካርዷን በሳሁ፣ ጨመርኩ፣ ዘበኛውን አጥፍቼ አስነሳሁ። አሥራ ሦስት ደቂቃ። ጥያቄው ወጣ፣ መልሱ መጣ፤ ለአምስት መቶ ኪሎ ቆዳ ማክሰኞ ቦታ አለ። ጋዋኑ አሁንም እንደታጠፈ ወንበሩ ላይ ነበር።

የበላቸው ጉዞ ታገደ። ጋሽ ተካልኝ ሰኞ ይለቀቃሉ ተባለ። እኔ የጽሑፍ ማብራሪያ እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

እሑድ

አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ስለማውቅ በረንዳ ላይ ወጥቼ ጠበቅኩት። በአናቴ አለፈ። በላቸው የለበትም። ሳቅኩ፣ ብቻዬን፣ ጎረቤት እስኪሰማኝ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ አስካለ ዛሬም ምሳ ዕቃ ይዘው እየዞሩ ይሆናል ብዬ አሰብኩና ወደ ቤት ገባሁ።

ሰኞ

ጋሽ ተካልኝ ሥራ ገቡ። ዛሬውኑ! ከጣቢያ ቤታቸው፣ ከቤታቸው በእግራቸው እዚህ። ጢማቸው አድጓል፣ የግራ እግራቸውን ይሳባሉ። ጋዋናቸውን ዘርግተው ለበሱ።

ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ፊታቸው ቆምኩ። «ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ። ቴሌክሱን...»

«ዝም በይ። ግድግዳው ጆሮ አለው።» ድምፁ እንዲሸፍናቸው ማሽኑን ተጠግተው ቀስ ብለው ነገሩኝ። «ከውጭ የመጣ ወረቀት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም አልኩ። ሦስቴ ጠየቁኝ፣ ሦስቴም አላየሁም።»

«እንዴ ጋሼ! ያመጡት እኮ እርስዎ ነዎት። ያን ብቻ ቢሉ ዓርብ ማታ ይለቁዎት ነበር!»

«እኔን ለቀው ማንን ሊይዙ?» አሉ። «ረቡዕ ስጠይቅሽ እኮ ፊትሽን አይቼዋለሁ። የልጅ ነገር ነው፣ ይበርድላታል አልኩ።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንደ ድሮው፣ እሳቸው ፊት።

ከሰዓት በኋላ ማብራሪያውን መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ቴሌክሱን ማን ሰጠሽ?» እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። እውነቱን ብጽፍ የጋሼ ቃል ውሸት ይሆናል፤ ነገ ተመልሰው ይወስዷቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ማንም አልሰጠኝም። ከጓድ በላቸው ጠረጴዛ ላይ ራሴ አነሳሁት። ይዘቱን አውቄ ዝም አልኩ። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።»

በላቸውን ይቅር አላልኩትም። ይህም ይጻፍ። ደብተሬ አሁንም እሱ ጋ ነው።

ወረቀቱን መዝገብ ቤት ወሰድኩ። ልጅቷ አላነበበችውም፤ ከግርጌው «አዘጋጅ፦ ሰብለ» የሚለውን ብቻ አየችና ማህተሙን ደለቀችበት። ስሜ ማህተም ሥር እንዲወጣ ነበር የፈለግኩት፤ ወጣልኝ።

መልሱ መቼ እንደሚመጣ አልነገሩኝም። ነገ የጋሼ ፈረቃ ጠዋት ነው፤ ቀድሜ ገብቼ መስመሩን ከፍቼ እጠብቃቸዋለሁ።