ታማሚው ተንቀሳቅሷል

ለእታለሜ፣ ናፍቆቴ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። እኔም እማዬም ደህና ነን፤ ግራ የገባው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነው።

የጥርስ ሕክምና ትምህርት ሰው ያምታታል። በትንሿ የአፍ መስታወት ሳይ ወደፊት ያልኩት ወደኋላ ይሆንብኛል። የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበትን ሊጥ ሳቦካ ደግሞ ግማሹን ጋውኔ ላይ ደፋሁት። የክፍል ጓደኛዬ «በሽተኛው ሳይጎርስ ጋውንሽ ጎረሰ» ብላ ሳቀችብኝ።

ትናንት በእጅ በሚያዘው መሣሪያ የጥርስ ራጅ አነሳሁ። ምስሉ ድብዝዝ ብሎ ወጣ። መምህራችን ምስሉን ብቻ አይተው «ታማሚው ተንቀሳቅሷል» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ታማሚው እኮ ወንበሩ ላይ በብሎን የታሰረ የፕላስቲክ ጭንቅላት ነው! ጓደኛዬ በዚያው መሣሪያ ስታነሳው ጥርት ብሎ ወጣ። እንጃ እንግዲህ፣ እንቅልፍ አጥቼ ይሆናል።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልብስ ሲሰፋ «ክር አስገቢልኝ» እያለ መርፌውን ለአንቺ መስጠት የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? ዓይኑ ደህና እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እጁን ግን አላስታውስም። እንዲያው ነገር ሲነሳ ነው የጠየቅኩሽ።

ደህና ሁኚልኝ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ። መልሱን ግን በስልክ አትንገሪኝ፤ ስትደውዪ እማዬ አጠገቤ ናት።

ታናሽ እህትሽ