ክቡር ባለ ሰባት፦ ከሞንታና እስከ ቲማቲም መደብ

ለሲያትልና አካባቢዋ ወዳጅ ዘመድ፣ ለቅዳሜ ተኳሾች ማኅበር አባላትና ለጎረቤት ሁሉ፦ የአቶ መንግሥቴ ጠመንጃ አፈሙዝ የነበሩት ክቡር ባለ ሰባት በተወለዱ በስድስት ዓመት ከስድስት ወራቸው ከአገልግሎት ማረፋቸው በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል።

ክቡር ባለ ሰባት ከአባታቸው ከአቶ የማይዝግ ብረትና ከእናታቸው ከወይዘሮ መቁረጫ ማሽን እ.ኤ.አ. በማርች 2019 በሞንታና ግዛት ተወለዱ። ስማቸውን ያገኙት በሆዳቸው ውስጥ ከተቀረጸው ጥምዝ ቦይ ነው። ጥይት በዚያ ቦይ ሲያልፍ እንደ እንዝርት እየሾረ ይወጣል፤ እርሳቸው በሰባት ኢንች መንገድ አንድ ሙሉ ዙር ስለሚያዞሩት ባለ ሰባት ተባሉ። ለአንድ ዙር አሥራ ሁለት ኢንች የሚፈጅበት ደግሞ ባለ አሥራ ሁለት ይባላል፤ እርሱ ዘገምተኛ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽክርክሪቱ ይፈጥናል። ይህችን አንድ ነገር አቶ ሕዝቅኤል በጊዜው ሰምተው ቢሆን ኖሮ ይህ የሕይወት ታሪክ በግማሽ ባጠረ ነበር።

አቶ ሕዝቅኤል የአቶ መንግሥቴ እህት የወይዘሮ ሣህሊቱ ባለቤት ናቸው። ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ይኖራሉ፤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናሉ። ሁለቱ አማቾች በ2018 በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ገዙ። ዓመቱን ሙሉም እኩል ሲስቱ ከረሙ። እኩል እስከ ሳቱ ድረስ እንደ እነርሱ የሚዋደድ አልነበረም።

ሟች በሲያትሉ ሶዶ ሰፈር፣ በጠመንጃ ጠጋኙ በልዑልቃል ሱቅ ከአቶ መንግሥቴ ጠመንጃ ላይ ተገጠሙ። አንድ ጥይት እየተኮሱ አንዴ እየተጠረጉ ሃያ ጊዜ ተፈትነውም ትምህርታቸውን በማዕረግ አጠናቀቁ። በተወለዱበት በ2019 በሜይ ወር ከረጅሟ፣ ሰማንያ ግሬን፣ አምስት ግራም ገደማ፣ ከምትመዝነው ጥይት ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ረጅም ጥይት ፈጣን ሽክርክሪት ካላገኘች አየር ላይ ትንገዳገዳለችና የሚመጥኗትን ነበር ያገኘችው። ከዚህ ትዳር አራት ሺህ ሁለት መቶ ገደማ ልጆች አፍርተዋል። ሁሉም ከቤት እንደ ወጡ ቀሩ፤ ተመልሶ ኮል ያደረገ አንድም የለም።

በሴፕቴምበር 2019 ማኅበሩ ከካስኬድ ተራራ ማዶ ባካሄደው ዓመታዊ ውድድር፣ ክቡር ባለ ሰባት ስድስት መቶ ያርድ ላይ አምስት ጥይት የሻይ ማስቀመጫ ሳህን በሚሸፍናት ቦታ አሳርፈው ለአቶ መንግሥቴ ዋንጫውን አስገኙ። አቶ ሕዝቅኤል አጨበጨቡ። ሌላው ሰው አቁሞ እርሳቸው ብቻ ሲያጨበጭቡ ቢቆዩ ወይዘሮ ሣህሊቱ እጃቸውን ይዘው አስቆሟቸው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ሕዝቅኤል ልዑልቃልን ኮል አደረጉና የመንግሥቴ አፈሙዝ ባለ ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ሰባት መሆኑ ተነገራቸው።

«ኦኬ። ለእኔ አሥራ ሁለት አድርግልኝ።»

«ጋሼ፣ ትልቁ ቁጥር እኮ ቀርፋፋው ነው። ለዚያ ረጅም ጥይት አይሆንዎትም። አሥራ ሁለት ከፈለጉ አጭሯን ይተኩሱ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው አሥራ ሁለት ከሰባት የሚያንሰው?»

ስልኩን ሲዘጉ አማቻቸው ጠጋኙን አስቀድመው እንደያዙባቸው እርግጠኛ ሆነው ነበር። ባለ አሥራ ሁለቱ ሲመጣም እንደ መንግሥቴ ያለችውን ረጅሟን ጥይት አጎረሱት። በሦስት መቶ ያርድ ጥይቶቹ የዒላማውን ወረቀት በጎናቸው እየመቱ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ ቅርጽ አወጡበት። በስድስት መቶ ያርድ ወረቀቱ እንደ ታጠበ አንሶላ ንጹሕ ነበር። አቶ ሕዝቅኤል ንፋስ ነው አሉ። የዚያን ቀን የተኩስ ሬንጁ ባንዲራ ጨርቁ ወርዶ ተኝቶ ነበር።

የቁልፍ ቀዳዳ ያለበትን ወረቀት ጋራዥ ውስጥ ከፍሪዘሩ ጀርባ ሸሸጉት። ልጃቸው ሄለና አይስክሬም ስትፈልግ አገኘችውና፣ «ዳድ፣ ኢትስ ጎይንግ ሳይድዌይስ»፣ በጎኑ እየሄደ ነው፣ ብላ መለሰችላቸው። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፊዚክስ አልተማረችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ክቡር ባለ ሰባት ሦስት ዋንጫ ጨመሩ። አቶ ሕዝቅኤልን ያንገበገባቸው ሽንፈቱ ብቻ አልነበረም። አቶ መንግሥቴ አለመኩራራታቸው ነበር። ባሸነፉ ቁጥር ዕድል ነው ይላሉ፤ አማቻቸውንም «አንተ ላይ ንፋስ በዛብህ» እያሉ ያጽናናሉ። በበዓል ማውንትሌክ ቴራስ፣ አቶ መንግሥቴ ቤት ሲጋበዙ አራቱ ዋንጫዎች የሚታዩት ሳሎን ውስጥ እንኳ አይደለም፤ አንዱ ውስጥ ማንኪያ፣ አንዱ ውስጥ የመኪና ቁልፍ ይቀመጣል። አቶ ሕዝቅኤል ዋንጫቸው ቢሆን ኖሮ መብራት እንደሚያበሩለት ያውቁታል። እንቅልፍ የነሳቸውም ያ ማንኪያ ነው።

በመጨረሻ በኤፕሪል 2025 አቶ ሕዝቅኤል ከልዑልቃል በቀር ለማንም ሳይናገሩ ከዚያው ከሞንታና ባለ ሰባት አዘዙ። አራት ወር ጠበቁ። በኦገስት ደርሶ ልዑልቃል ከገጠመላቸው በኋላ ሲሞክሩት አራት ጥይት አንድ ቀዳዳ ሠራ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሥራ ሄዱ፤ ሻንጣ እየጫኑም ሁለት ሦስቴ አውጥተው አዩት። የሴፕቴምበር 6ቱን ውድድር እንደ ሠርግ ቀን ይቆጥሩ ጀመር።

ክቡር ባለ ሰባት ግን ከፋሲካ ወዲህ ጉሮሮአቸውን ይታመሙ ነበር። የባሩድ እሳት ስድስት ዓመት ሙሉ የገረፈው ጉሮሮ ተሰነጣጥቆ፣ ጥይቱን አስተካክለው መያዝ አቃታቸው፤ የሻይ ሳህኗም ወደ ትሪነት ሰፋች። ሐሙስ ሴፕቴምበር 4 ቀን ልዑልቃል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ መረመራቸውና ተስፋ እንደሌላቸው ተናገረ። ሌላ አፈሙዝ አዝዞ ለማስመጣት አራት ወር ያስፈልጋል፤ ለውድድሩ የቀረው ሁለት ቀን ነው።

አቶ ሕዝቅኤል ወሬውን ሰምተው ከቡሪየን ሶዶ እንዴት እንደ ደረሱ እርሳቸውም አያስታውሱም። አስከሬኑን በዓይናቸው ካላዩ አላምን አሉ፤ ካሜራው እንደገና ገባ። የተበላውን ጉሮሮ በስክሪኑ ላይ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አቶ መንግሥቴ አጠገባቸው ቆመው፣ ቂም በሌለበት ድምፅ፣ «ሶ፣ ዘንድሮ ያንተ ነው። እኔ መጥቼ አጨበጭብልሃለሁ» አሏቸው።

አቶ ሕዝቅኤል ወጥተው ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠመንጃቸውን ይዘው ተመለሱና የልዑልቃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ፍታውና ለእሱ ግጠምለት። የእኔን አሮጌ ባለ አሥራ ሁለት መልስልኝ።»

ጠመንጃዎቹ መንትዮች ናቸውና ልዑልቃል ልኩን አስተካክሎ በዚያው ዕለት ገጠመ። ቅዳሜ አቶ መንግሥቴ በአማቻቸው አፈሙዝ አምስተኛውን ዋንጫ ወሰዱ። አቶ ሕዝቅኤል በባለ አሥራ ሁለቱ፣ ከስድስት ዓመት በፊት እንደ ተነገራቸው አጭሯን ጥይት ተኩሰው፣ በስድስት መቶ ያርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን መቱ፤ ከዘጠኝ ተወዳዳሪ ሰባተኛ ወጡ።

ከክቡር ባለ ሰባት በኋላ ሰደፋቸው፣ ቃታቸው፣ አጉሊ መነጽራቸውና ሁለት ባልዲ ባዶ ቀለህ በሕይወት ይገኛሉ። አካላቸው ማውንትሌክ ቴራስ በሚገኘው የአቶ መንግሥቴ ጓሮ በክብር ተተክሎ የቲማቲም ድጋፍ ሆኗል። ዝገት አይድረስባቸው፤ ዝናቡ ይራራላቸው፤ ቲማቲሙም ይቅለላቸው።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አቶ ሕዝቅኤል አፈሙዛቸውን ለምን እንደ ሰጡ አንድ መስመር እንዲያክሉ ተጠይቀው ነበር። ወይዘሮ ሣህሊቱ ጠየቋቸው፤ ሄለና ጠየቀቻቸው፤ አቶ መንግሥቴም ማንኪያውን ከዋንጫው አውጥተው ዋንጫውን ፊታቸው አስቀምጠው ጠየቋቸው። አቶ ሕዝቅኤል ዋንጫውን አገላብጠው አዩት፣ በእጅጌያቸው ጠረጉት፣ ማንኪያውንም መልሰው ከተቱበት።

«አልናገርም» አሉ።