ከኋላ ወንበር፣ ቡናማዋን ይዤ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ደመና። ነፋስ የለም። ቤት ያለነው እኔ፣ ባሌ ሮይስ እና ውሻው ዱክ።

ከምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት በጊዜ ወጣሁ። ለልጆቹ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ነበር፤ ግማሹ ተመለሰ። ቤት ስደርስ ሮይስ ጀርባውን ትራስ አስደግፎ ሬዲዮ ያዳምጣል። የዓሣ ማጥመጃ ማታለያዎቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። የላስቲክ ትል፣ የላስቲክ እንቁራሪት፣ ከእንጨት የተጠረቡ ትንንሽ ዓሦች... አንዱንም ከሱቅ አልገዛሁም። በየዓመቱ ጥር ላይ ግድቡን ከፍተው ሐይቁን ሲያወርዱት ከሰው እጅ የጠፋው ሁሉ ጉቶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቦት ጫማዬን አድርጌ ጭቃው ውስጥ እገባለሁ። እለቅማለሁ፣ አጥባለሁ፣ የዛገውን መንጠቆ እቀይራለሁ። ባስ ስለሚባለው ዓሣ የማውቀውን ያህል ያወቅሁት እንዲሁ ነው፤ ሰው የጣለውን እያየሁ።

ቅዳሜና እሑድ የክለባችን የዓመቱ የመጨረሻ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ነው። ጀልባ ላይ የኋላ ወንበር ከምንቀመጠው ውስጥ በዓመቱ ድምር ዐሥራ ሁለተኛ ነኝ። እስከ ዐሥረኛ የወጣ በሚቀጥለው ዓመት በፊት ወንበር መወዳደር ይችላል፤ የክለቡ ደንብ ነው። የፊት ሰው ጀልባውን ይነዳል፣ ወዴት እንደሚኬድ ይወስናል። የኋላ ሰው ወደተወሰደበት ይሄዳል፣ ሌላው ያለፈበት ውሃ ላይ መንጠቆውን ይጥላል። ስንት ዓመት የሰው ጀርባ እያየሁ...

"ዐሥር ውስጥ ከገባሽ ሸራውን አወልቃለሁ" አለ ሮይስ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ጀልባውን ማለቱ ነው። ጀርባው ከተጎዳ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። እሱ አያየውም፣ እኔ አልነካውም። ቀልዱን ነው የምሩን? አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ቀኑን ሙሉ ካፊያ።

ምን ልያዝ? የፊት ሰው ሦስት ሳጥን ሙሉ ይጭናል። የኋላ ሰው አንድ ትንሽ ቦርሳ። ጉቶ መሃል እንወሰድ ይሆን ወይስ ሣር ውስጥ? ጥልቅ ይሁን ዳር? የማይታወቅ ቦታ እንዴት ይታሰብለታል?

መጨረሻ ላይ አንድ የእንቁላል ካርቶን ባዶ አደረግሁ። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ማታለያ። የተረፈው ይቅር። ደማቅ ቢጫውን ሁለት ጊዜ አስገብቼ አወጣሁት፣ በሦስተኛው ተውኩት።

ሮይስ አሻግሮ ሲያይ ቆየና፣ "ከፊትሽ ያለው የሚጥለውን አትጣይ። ዓሣው አንዴ አይቶታል።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ቢጫው እዚያ ምን ያደርጋል?"

አወጣሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ጠራ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ።

ዕጣው ወጣ። ነገ ዌንደል ጀልባ ላይ ነኝ። ወጣት ነው፣ ትሑት። ደስ አለኝ። ግራዲ ቢደርሰኝ ምን እሆን ነበር... ያ ሰውዬ ዓሣ የሚይዘው በምላሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ጎህ ሲቀድ ጭጋግ፣ በኋላ ፀሐይ። ጀልባው ላይ ዌንደልና እኔ።

ዌንደል ቦርሳዬን ሲቀበለኝ ሙዝ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ ኔልዳ፣ ይሄ ነገር ጀልባዬ ላይ አይወጣም።"

"ቁርሴ ነው እኮ።"

"ቁርስዎ ገዳችንን ያበላሸዋል። ወይ እዚሁ ይብሉት ወይ ለዳክዬ ይስጡልኝ።"

ቆሜ በላሁት። ልጣጩን ኪሴ እንዳልከት እስከ ቆሻሻው በርሜል ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ።

ሐይቁ ላይ ዌንደል ፊቱን ወደ ዳር አዙሮ ጉቶዎቹ መሃል ደማቅ ቢጫ ይጥላል። ያየሁት ጀልባ ሁሉ እንዲሁ፣ ፊቱ ወደ ዳር። እነዚያ ጉቶዎች ላይ ጥር ላይ ስንት ቢጫ፣ ስንት ቀይ ለቅሜያለሁ! ዓሣው ስንቱን አይቶ ይሆን? ዘወር ብዬ ከጀርባችን ያለውን ባዶ ውሃ አየሁ። ማንም አይጥልበትም። ግን ከሥሩ የጠጠር መንገድ አለ፤ ግድቡ ከመሠራቱ በፊት በጋሪ ይኬድበት የነበረ። በቦት ጫማዬ ሄጄበታለሁ። ቡናማዋን ያገኘኋትም እዚያ ነው፣ ጠጠሩ ውስጥ ግማሽ ተቀብራ። የሆነ ሰው በቢላዋ የጠረባት፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ የዓሣ ጥርስ ያረፈባት።

ከካርቶኑ እሷን አነሳሁ። ጣልኳት። ጠጠሩን ኳ... ኳ... እያደረገች እስክትመጣ ድረስ ቀስ ብዬ ሳብኩ። መጀመሪያ ምንም። ሁለተኛም ምንም። ከዚያ ዘንጉ ከእጄ ሊወጣ ደረሰ።

አምስት ዓሣ! ለሚዛን የሚፈቀደው አምስት ነው፤ ሞላሁ። ዌንደል ሁለት ብቻ። "ምነው ሙዙን እኔ በበላሁት" አለ፣ ምስኪን።

ጀልባ ማውረጃው ጋ ግራዲ ከሩቅ ተጣራ። "ኔልዳ! በምን ያዝሻቸው?"

"በድሮ ቡናማ እንጨት። ከዳር ራቅ ብሎ፣ አሮጌው መንገድ ላይ። ቀስ ብሎ መጎተት ነው።"

እዚያ የቆሙት የክለቡ ሰዎች ተያዩ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

"እንጨት! ሰማችሁ? ኔልዳም መዋሸት ተማረች!" አለ ግራዲ። "እንኳን ደህና መጣሽ፣ አሁን የክለቡ ሰው ሆንሽ!"

እዚያ እውነት አይነገርም። ቢጫ የጣለ ሰማያዊ ይላል፣ ሰሜን የነበረ ደቡብ ይላል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይጠይቃል። እኔ ስጠየቅ መልሱ ነው ከአፌ የሚወጣው። ምን ላድርግ?

ያልሳቁት ጋሼ ኦዴል ብቻ ናቸው። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤታችንን አውቶቡስ ይነዱ የነበሩት። እሳቸውም እንደኔ የኋላ ወንበር ሰው ናቸው። ጠጋ ብለው፣ "በጣም ቀስ ነው ወይስ መካከለኛ?" አሉኝ።

"በጣም ቀስ። እያንቀላፉ እንደሚጎትቱ።"

"እሱስ አያቅተኝም" ብለው ሄዱ።

ዘጠነኛ ነኝ። ዘጠነኛ!

ሮይስ ሁሉን ሰማና፣ "ነገርሻቸው?"

"ጠየቁኝ።"

"የኔ እመቤት፣ እዚያ ማውረጃ ላይ እውነት የሚናገረው ጀልባው የሰመጠበት ሰው ብቻ ነው።" ሳቀ። ሲስቅ ጀርባውን ይይዛል።

የነገ ዕጣዬ ግራዲ ነው። ይሁን።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

ነፋስ። ሐይቁ ሻካራ። ጀልባው ላይ ግራዲና እኔ።

ገና ሳንርቅ ጀመረ። "እስቲ አሁን ብቻችንን ነን። እውነቱን ንገሪኝ።"

"ትናንት ነገርኩህ።"

"እሺ፣ አትንገሪኝ። ባልሽ ነው መደበቅ ያስተማረሽ።"

ቀይ ማታለያ ሰካ፣ ፊቱን ወደ ጉቶው አዞረ። እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ፣ ቡናማዋን ጣልኩ። አንድ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት። ሦስተኛው ትልቅ ነበር፤ መረቡን ያቀበለኝ ግራዲ ራሱ ነው። እሱ ዝም ሲል ሐይቁ ሰፋ።

ቀጥሎ ቡናማዋ ያዘች... ዓሣ ሳይሆን ጉቶ። መንገዱ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ አንድ ብቻውን የቆመ አለ፤ አውቀዋለሁ፣ ጥር ላይ ተቀምጬበት ሳንድዊቼን በልቻለሁ። ነፋሱ ደግሞ ይገፋናል። ግራዲ ዞር ብሎ፣ "ልመለስልሽ?" አለ። ከፊቱ ዓሣ ይዘልላል። ለእሱም ቀኑ ነው።

"ተወው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ክሩን እጄ ላይ ጠምጥሜ በጠስኩት። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ካርቶኑን ከፈትኩ። የትኛው? ብርማው ነፋስ ላይ ያምራል፤ ግን ከላይ ነው የሚሄደው። እንቁራሪቱም እንደዚያው። ቡናማዋን ደግ ያደረጋት ቀለሟ ነበር ወይስ መሬት መንካቷ? መሬት መንካቷ መሰለኝ። ቡናማ የላስቲክ ትል ላይ ትንሽ የእርሳስ ክብደት ጨመርኩ፤ እስኪሰምጥ ጠበቅሁ፣ ጎተትኩ። አራተኛውን አመጣልኝ። አምስተኛው ክሩን ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። ሰዓቱ አለቀ።

ሚዛኑ ጋ ጋሼ ኦዴል አምስት ይዘው መጡ፣ ሁሉም የሰቡ። መዛኙ ማይክሮፎኑን አስጠጋላቸው። "በምን ያዙ፣ ጋሼ ኦዴል?"

"አሮጌ ማታለያዬን የጫማ ቀለም ቀባሁት። ቡናማ።" ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "ምን ያስቃችኋል? ኔልዳ ትናንት እዚሁ ቆማ ለሁላችሁም ነግራችኋለች።"

ሳቁ ተቆረጠ። ግራዲ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ያይ ጀመር።

ጋሼ ኦዴል ዐሥረኛ። እኔ ዐሥራ አንደኛ።

መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። መዋሸት ነበረብኝ? ቢጫ ነው ብል ኖሮ... ጋሼ ኦዴል መስኮቱን አንኳኩ። ዓይኔን እንዳዩ አላሳዩኝም።

"ስንት ዓመት እዚህ ቆሜ ስጠይቅ የመለሰልኝ የለም። አንቺ መለስሽልኝ። እኔ ደግሞ በለጥኩሽ።"

"ዓሣውን የያዙት እርስዎ ነዎት። ደስ ብሎኛል።"

ስናገረው ግማሹ እውነት ነበር። አሁን ስጽፈው ከግማሽ አልፏል።

ቤት ስደርስ የጋራዡ በር ተከፍቷል። ሸራው መሬት ላይ። ጀልባው ውስጥ የነበረው የተርብ ጎጆ ተጠርጓል። ጀልባው ታጥቧል፣ የታጠበው ግን የሮይስ እጅ እስከሚደርስበት ብቻ ነው። እሱ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያልባል።

"ዐሥራ አንደኛ ወጣሁ" አልኩት።

"እሺ።"

"ዐሥር ውስጥ ከገባሽ ብለህ ነበር።"

"ከጠዋት ጀምሬ ነው የማወልቀው። በዚህ ጀርባ ውጤት ብጠብቅ ይመሽብኝ ነበር።"

ጨርቁን ተቀብዬው እሱ ያልደረሰበትን አጠብኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጠራ ያለ። ነፋስ የለም። በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እኔና ሮይስ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁት ይኸው ነው። ተነሳሁ። የላስቲክ ትሎቹን ካርቶኑ ውስጥ ደረደርኩ። ሳንድዊች ጠቀለልኩ፣ ሙዙን ቤት ተውኩት። ሌሊቱን ሲሞላ ያደረውን ባትሪ ገጠምኩ። ጀልባው የተጫነበትን ተጎታች እየሳብኩ መኪናውን እኔ ነዳሁ። ማውረጃው ላይ ወደ ኋላ ስመልሰው መጀመሪያ ተጣመመ፣ ወጣሁ፣ ደግሜ መለስኩት፣ ገባልኝ። ሮይስ ወዲህ አዙሪ፣ ወዲያ አዙሪ አላለኝም። ለእሱ ቀላል አይደለም።

ግራዲና ሦስት አራት ሰዎች እዚያ ነበሩ።

"ኔልዳ" አለ ግራዲ፣ ዝግ ብሎ። "ዛሬስ በምን ነው?"

"በቡናማ ትል። እንጨቷ ጉቶ ላይ ቀርታለች። ጥር ላይ ውሃው ሲወርድ ሄጄ አመጣታለሁ፤ የትኛው ጉቶ እንደሆነ አውቃለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ግራዲ ሳጥኑን ከፍቶ ቡናማ መፈለግ ያዘ።

"አበላሸሻቸው" አለኝ ሮይስ በጆሮዬ። "ከእንግዲህ እውነት ሊነጋገሩ ነው።"

እጁን ያዝኩት። ቀስ ብሎ ተሳፈረ። የፊት ወንበሩን ይዞ ትንሽ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ አልፎት ሄደ፣ የኋላው ላይ ተቀመጠ።

"እኔስ ምን ልጣል?" አለ።

"እኔ የማልጥለውን።"

ፊት ተቀመጥኩ። ሞተሩን አስነሳሁ። ወዴት እንደምንሄድ አልጠየቀኝም።