እግር የቆመባቸው ስንኞች

ተማሪዎቻቸው «ጋሼ ገና» እያሉ የሚጠሯቸው መምህር፣ መጽሐፍ ጠራዥ ከነበሩት አባታቸውና አዋላጅ ነርስ ከነበሩት እናታቸው መጋቢት 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ከአባታቸው መሥሪያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ የመጨረሻዋ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እህታቸው ናት።

አስቀድሞ አንድ ነገር መነገር አለበት። በጥንት ሮማውያን ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ልጁ አደባባይ ቆሞ የሟቹን ታሪክ ለሕዝብ ያሰማ ነበር። ያኔም ቢሆን፣ የቀብር ውዳሴ እውነተኛውን ታሪክ አበላሸብን ብለው የሚያማርሩ አልጠፉም። ጋሼ ይህንን ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ ይስቁ ነበር፤ ቤት ሲመጡ ደግሞ የእኔ ተራ ሲደርስ እንዳትዋሹ ብለው ያስጠነቅቁናል። እሺ፣ አንዋሽም።

አባታቸው ሊጠርዙት ወደ ቤት ያመጡት አንድ የላቲን መማሪያ መጽሐፍ ነበር። ባለቤቱ ሳይመለስ ቀረ፤ መጽሐፉም የልጁ መጫወቻ ሆነ። አባታቸው ከማተሚያ ቤት የሚያመጡት ሌላም ነገር ነበር፤ ኅትመት የተበላሸበት ሰፋፊ ወረቀት። ጋሼ ፊደል የቆጠሩት በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በሌላ ወረቀት መጻፍ አልሆነላቸውም፤ ጠባብ ገጽ ላይ ሐሳቤ ይታፈናል ይሉ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተምረው በ1956 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ የጥንት ግሪክና የሮማውያንን ሥነ ጽሑፍ መረጡ። አጎቶቻቸው የሙታን ቋንቋ ተምሮ ምን ሊሆን ነው ብለው አዘኑ። እናታቸው ግን ከሙታን ጋር ቢውል ቢያንስ ከማንም አይጣላም ብለው አሳለፉት። በማዕረግ ተመርቀው በ1961 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ።

ማስተማሩንስ ተክነውበታል። ችሎት ላይ ጠበቃ የሚከራከርበትን መንገድ፣ መድረክ ላይ ተዋናይ የሚቆምበትን፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ መንገደኛውን «ቁምና አንብብ» የሚለውን ጽሑፍ ሳይቀር፣ ከየት እንደመጣ ሥሩን እየመዘዙ ያሳዩ ነበር። የግሪኮች ግጥም ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ የተሠራ ነው፣ ምቱ በሰውነት ካልተሰማ ግማሹ የለም ብለው፣ ያን ሁሉ ተማሪ በእግሩ ወለሉን እያስመቱ ያስነብቡታል። ከሥራቸው ባለው ፎቅ የሚያስተምሩት መምህር በየጊዜው አቤቱታ ያቀርቡባቸው ነበር። ይህ የእግር ነገር ልብ ይባልልኝ።

በ1963 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸውን ልብስ ሰፊ አገቡ። እኛ እትዬ እንላቸዋለን። ጋሼ የኮታቸውን ገበር ሊያስጠግኑ ገብተው፣ ገበሩ ካለቀ በኋላ ቁልፍ ላላብኝ፣ ከዚያ ደግሞ ኪስ ተቀደደብኝ እያሉ ተመላለሱ። እትዬ ቁልፉን ማን እየበጠሰ እንደሚያላላው ወዲያው ገብቷቸው ነበር፤ ግን ዝም አሉ። ዝም ማለት ያውቁ ነበር። አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የተጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ረጅም የግሪክ ግጥም ወደ አማርኛ መመለስ። የሚሠሩት ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር፣ የእሳቸው ጠረጴዛ ከግድግዳው ተጠግቶ። ከሰዓት በኋላ የመለሱትን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እትዬ መርገጫውን እየረገጡ ያዳምጣሉ። ጋሼ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ለእህታቸው በኩራት ነግረዋታል። መኪናው ከቆመ ስንኙ ልብ ነክቷል፣ ይቆያል። መኪናው ካልቆመ ስንኙ በጆሮ ገብቶ በጆሮ ወጥቷል፣ ይሰረዛል። የተሰረዘውን ወረቀት ከጠረጴዛው ሥር ይጥሉታል፤ ሰፊና ጠንካራ ወረቀት ስለሆነ እትዬ እያነሱ ጨርቅ የሚለኩበትን የልብስ ቅድ ይቆርጡበታል።

በዚህ አኳኋን ዓመታት ሄዱ። አሳታሚዎች ደጅ ጠኑ፤ ጋሼ ገና ነው አሉ። ዳግመኛ መጡ፤ አሁንም ገና ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏቸዋል። ስሙም በዚያው ጸና። የመጀመሪያውን ቅጂ ጉልበትሽ ላይ አስቀምጥልሻለሁ ብለው ለእትዬ ቃል ገብተው ነበርና፣ እትዬ አሳታሚ በመጣ ቁጥር መሐረባቸውን ይለውጣሉ፤ እንግዳው ባዶ እጁን ሲወጣ ደግሞ ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ።

ጋሼ በ1997 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2003 ዓ.ም. እትዬ ታመሙ። አንድ ቀን ከሰዓት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሲያነቡላቸው፣ እትዬ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «ይኼን ተወውና ያን የመርከቦቹን ስንኝ አንብብልኝ። እግሬ አብሮት ይሄድ የነበረውን። ለምን እንደጣልከው እስከ ዛሬ አልገባኝም» አሏቸው።

ጋሼ ግራ ተጋቡ። መኪናውን ሳታቆሚ ያሳለፍሽው ስለሆነ ነው የሰረዝኩት አሉ። እትዬም፣ «ደስ ያለኝ ላይማ ለምን አቆማለሁ? የማቆመው እግሬን ሲያደናቅፈኝ ነው» አሉ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ጥሩው ሲጣል፣ የተሰነካከለው ሲጠበቅ ኖረ። ተማሪውን ሁሉ ወለል ሲያስመቱ የኖሩት መምህር፣ ቤታቸው ውስጥ ምቱን እየጠበቀ የሚሄደውን እግር አላዩትም። እትዬ ደግሞ የተማረ ሰው የራሱ ሚዛን ይኖረዋል፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብለው ተዉት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለእነሱ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚያ ሰዎች ያቺን ክፍል አላዩም። እህታቸው በሁለቱም ተናድዳለች፤ ዛሬም ንዴቷ አልወጣላትም።

ጋሼ የመርከቦቹን ስንኞች ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። በእጃቸው ያለውን አነበቡላቸው። እትዬ እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ እሱም ጥሩ ነው አሉ። ወር ሳይሞላ አረፉ። ጉልበታቸው ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ብዕር አላነሡም። ሱቁን የወረሰችው ልጃቸው ናት። በ2009 ዓ.ም. አንድ የእጅጌ ቅድ ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በጠመኔ ስታሰምር፣ ጀርባው ላይ የአባቷን ጽሕፈት አየች። ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን፣ ሣጥን ውስጥ የታጠፈውን ሁሉ አውርዳ ፊታቸው ደረደረችው። ጋሼ ሲያዩት አለቀሱ። ከጥንት ግጥም አንዳንዱ የደረሰን እንዲህ መሆኑን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የአስከሬን መሸፈኛ ከሆነ አሮጌ ወረቀት፣ ተፍቆ ሌላ ከተጻፈበት ብራና፣ ስንኙ ከወገቡ ተቆርጦ። ይህ በራሳቸው ቤት ይደርሳል ብለው ግን በሕልማቸውም አላሰቡም።

ከአንገትጌ፣ ከእጅጌ፣ ከቀሚስ ቅድ እየለቀሙ ማገጣጠም ጀመሩ። የመርከቦቹ ስንኞች የተገኙት ልጃቸው ትምህርት ቤት ስትገባ ከለበሰችው ቀሚስ የግራ እጅጌ ቅድ ላይ ነው። የቀኙ እጅጌ ቅድ የለም። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የጎደለውን እንሙላው ቢሏቸው እምቢ አሉ። አሳታሚውን ራሳቸው አስጠሩና፣ እንደተቆረጠ ይታተም አሉ። ገና የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ ማንም ከአፋቸው አልሰማም። መጽሐፉ ዛሬ ማተሚያ ቤት ነው፤ ሳያዩት ሄዱ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው አልጋ ያዙ። ልጃቸው የእናቷን የስፌት መኪና አልጋቸው አጠገብ አስጠግታ፣ ክርና መርፌውን አውጥታ፣ መርገጫውን እየረገጠች የእጅጌውን ስንኞች አነበበችላቸው። ስንኙ መቀሱ የቆረጠው ቦታ ሲደርስ ዝም አለች፤ እግሯም ቆመ። ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አታቁሚ። እናትሽ እዚህ ጋ አላቆመችም» አሏት። ልጃቸው ቃል በሌለበት ረገጠች።

በማግስቱ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና በእግሩ ወለል መምታት የማይተው ብዙ ተማሪ ትተዋል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ እትዬ ካሉበት ያድርስልን፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። ጋሼም እዚያ ሲደርሱ፣ እባክዎ፣ አሁንስ እትዬን ይጠይቋቸው።